የኮብላዮች ዱካ በሬዩንዮን ተራሮች

የአንድን አገር ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው የተጻፈ ሰነድ ነው። ዜና መዋዕል፣ የግብር መዝገብ፣ የዳኞች ውሳኔ፣ የመርከብ ጭነት ዝርዝር፣ የሹማምንት ደብዳቤ የታሪክ ጸሐፊ የዘወትር ስንቆች ናቸው። ይሁን እንጂ እጅግ ብዙ ሰዎች አንዲት መስመር እንኳ ሳይጽፉ ከዚህ ዓለም አልፈዋል። ከነዚህም መካከል ስማቸው በጽሑፍ የሚገኘው በጌቶቻቸው፣ በከሳሾቻቸው ወይም በገዳዮቻቸው ብዕር ብቻ የሆነ አሉ። እንዲህ ላሉት ሰዎች ታሪክ ምስክር የሚሆን ከወዴት ይገኛል?

በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ከማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሬዩንዮን ደሴት ለዚህ ጥያቄ የራሷ የሆነ መልስ አላት። በዚህች ደሴት ከሰሜኑ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ተራራውን ሁሉ አቋርጦ ወደ ደቡቡ ባሕር ዳርቻ የሚወርድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የእግር መንገድ አለ። መንገዱን በደንብ ለሚጓዝ ሰው ጉዞው ዐሥራ ሁለት ቀን ያህል ይፈጃል። በየዓመቱ በርካታ ሰዎች ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው የሚወጡት የተራራውን ውበት ለማየት ነው። ነገር ግን የሚረግጡት ምድር በአሥራ ሰባተኛውና በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመታት ከባርነት ያመለጡ ሰዎች የተሸሸጉበት፣ የኖሩበትና የሞቱበት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የደሴቲቱ አቀማመጥ

የሬዩንዮን ስፋት 2,512 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ስፋቷ ትንሽ ቢሆንም ከፍታዋ የሚያስደንቅ ነው። ደሴቲቱ ከውቅያኖስ ወለል ተነሥቶ ባደገ እሳተ ገሞራ የተሠራች ስትሆን፣ ከፍተኛው ጫፍ ፒቶን ዴ ኔዥ ከባሕር ወለል በላይ 3,070 ሜትር ይደርሳል። ይህ ተራራ እሳቱ ከጠፋ ከ10 ሺህ ዓመታት በላይ ሆኖታል። በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለው 2,632 ሜትር ከፍታ ያለው ፒቶን ደ ላ ፉርኔዝ ግን እስከ ዛሬ ድረስ እሳት የሚተፋ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ደጋግመው ከሚፈነዱት እሳተ ገሞራዎች አንዱ ነው። በሚያዝያ 2007 የዚህ ተራራ አፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ300 ሜትር በላይ ወደ ታች ሰጥሟል።

ዝናሙም ከተራራው ያላነሰ ነው። በጥር 1966 ፎክ ፎክ በተባለው የደጋ ቦታ በ24 ሰዓት ውስጥ 1,825 ሚሊ ሜትር፣ በየካቲት 2007 ደግሞ ኮመርሶን በተባለው ቦታ በ72 ሰዓት ውስጥ 3,929 ሚሊ ሜትር ዝናም ተመዝግቧል። ሁለቱም በዓለም የተመዘገቡ ታላላቅ ልኮች ናቸው። ይህ ዝናም ለብዙ ሺህ ዓመታት የሞተውን እሳተ ገሞራ እየቦረቦረ በተራራው ዙሪያ ሦስት ታላላቅ ጎድጓዳ አገሮችን ፈጥሯል። በፈረንሳይኛ ሰርክ ይባላሉ። ሲላኦስ፣ ሳላዚና ማፋት የሚባሉት እነዚህ ጎድጓዳ አገሮች ዙሪያቸውን በብዙ መቶ ሜትር ገደል የታጠሩ ሲሆኑ፣ በውስጣቸው ደግሞ በወንዞች የተቆራረጡ ትናንሽ ሜዳዎች አሉ። የደሴቲቱ ሰዎች እነዚህን ሜዳዎች «ኢሌ» ማለትም ትንሽ ደሴት ይሏቸዋል፤ ውሃ ባይከብባቸውም ገደል ይከብባቸዋልና። የአምባን ጠባይ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ አምባ ከፍ ብሎ ሰውን ሲሸሽግ፣ የሬዩንዮን ሰርክ ግን ዝቅ ብሎ መሸሸጉ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ኮብላዮች

ደሴቲቱ በጥንት ዘመን ነዋሪ ያልነበረባት ባዶ ምድር ነበረች። በ1646 በማዳጋስካር የነበረው የፈረንሳዮች ሰፈር አዛዥ ያመፁበትን 12 ሰዎች በግዞት ልኮባት ነበር። በ1649 ቡርቦን የሚል ስም ተሰጣት። በ1663 ሁለት ፈረንሳዮች ከዐሥር ማላጋሲዎች፣ ይኸውም ከሰባት ወንዶችና ከሦስት ሴቶች ጋር ወደ ደሴቲቱ መጡ። ብዙም ሳይቆይ ማላጋሲዎቹ ከፈረንሳዮቹ ጋር ተጣልተው ወደ ተራራው ሸሹ። ቋሚው የቅኝ ሰፈር የተመሠረተው ከዚህ በኋላ በ1665 ነው። እንግዲህ በደሴቲቱ መካከል የሚገኘውን ተራራ መኖሪያቸው አድርገው የመጀመሪያውን ዱካ የጣሉት ሸሽተው የወጡ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። እንዲህ ያሉት ሰዎች በኋላ ማሮን ተባሉ። በአማርኛ ኮብላይ ቢባሉ የተሻለ ይሆናል።

እስከ 1715 ድረስ በደሴቲቱ የነበሩት ባሮች በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ። በዚያ ዓመት ግን የሰዎችን ዕጣ የሚለውጥ ተክል በመርከብ መጣ። ይህም ከየመን የሞካ ወደብ የመጣው የቡና ችግኝ ነበር። ቡና በተፈጥሮው የበቀለበት አገር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑ የታወቀ ነው። ከዚያ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን እርከኖች ላይ ለማ፤ ከየመን ደግሞ ወደ ቡርቦን ሄደ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የቡና ባለሙያዎች «ቡርቦን» እያሉ የሚጠሩት ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚህች ደሴት ነው። የደሴቲቱ ባለቤት የነበረው የፈረንሳይ የሕንድ ኩባንያ ቡናውን ትልቅ ንግድ ሊያደርገው ስለ ፈለገ ከማዳጋስካርና ከአፍሪካ ምሥራቅ ጠረፍ፣ እንዲሁም ከሕንድ ባሮች በገፍ አስመጣ። ሃያ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በመቶ የሚቆጠረው የባሮች ቁጥር ወደ ብዙ ሺህ ከፍ አለ። በኢትዮጵያ የእንግዳ መቀበያና የጉርብትና ማሰሪያ የሆነው ቡና በቡርቦን የባርነት ምክንያት ሆነ። ተክሉ በደል የለበትም፤ ነገር ግን የቡናን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ምዕራፍ ዘሎ ሊያልፍ አይገባውም።

የባሮቹ ቁጥር በበዛ መጠን የሚኮበልሉትም በዙ። በታኅሣሥ 1723 የወጣው የንጉሡ ሕግ ስለ ኩብለላ የደነገገው ቅጣት የታወቀ ነው። ለአንድ ወር ያህል የጠፋ ባሪያ ሲያዝ ሁለት ጆሮዎቹ ተቆርጠው ትከሻው በጋለ ብረት ይተኮሳል። ሁለተኛ ጊዜ ከጠፋ የቋንጃው ጅማት ተቆርጦ ሁለተኛው ትከሻው ይተኮሳል። ሦስተኛ ጊዜ ከሆነ በሞት ይቀጣል። ሕግ አውጪዎቹ የቅጣቱን ደረጃ ሲመርጡ ምን እንደ ፈሩ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በሁለተኛው ደረጃ ላይ የሚቆረጠው ሰውን ወደ ተራራው የሚያወጣው የእግር ጅማት ነው፤ መራመድ ራሱ ወንጀል ሆኖ ነበርና።

አሳዳጆቹና መዝገባቸው

በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ኮብላዮችን የሚያሳድዱ የታጠቁ ጓዶች ተቋቋሙ። ከአዛዦቻቸው መካከል በሰፊው የታወቀው ፍራንሷ ሙሳር ነው። ሥራው የሚካሄደው በእግር ሲሆን፣ ጓዱ ብዙ ቀን በገደልና በጫካ ከተንከራተተ በኋላ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተመልሶ ያደረገውን ለጸሐፊ ያስመዘግባል። የተገደለ ኮብላይ ሲኖር ለማስረጃ የተቆረጠ እጁ ይቀርባል፤ ሌሎች ባሮች አይተው እንዲፈሩም በአደባባይ ይሰቀላል። ለገዳዩም ወሮታ ይከፈለዋል።

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ተራራው ሰዎች የሚያውቁት አብዛኛው ነገር የተገኘው ከነዚህ መዝገቦች ነው። ጎጆዎቻቸው በየት እንደ ነበሩ፣ ምን እንደ ዘሩ፣ አለቃቸው ማን ይባል እንደ ነበር የተጻፈው ጎጆው በተቃጠለበት፣ አዝመራው በተነቀለበት፣ አለቃውም በተገደለበት ቀን ነው። እርግጥ ነው፤ ኮብላዮቹም ወደ እርሻዎቹ እየወረዱ እህል፣ ከብት፣ መሣሪያና ብረት ይዘርፉ ነበር፤ በነዚህም ወረራዎች ሰው ተገድሏል። የቅኝ ሰፋሪዎቹ ፍርሃት የፈጠራ አልነበረም። ሆኖም መዝገቡ የአንዱን ወገን ፍርሃት በየገጹ ሲተርክ ስለ ሌላው ወገን ረሃብ፣ ብርድና ናፍቆት አንዳች አይናገርም። በተራራው የተወለዱ፣ ጌታ የሚባል ሰው አይተው የማያውቁ ሕፃናት እንደ ነበሩ ከዚያው መዝገብ እንረዳለን፤ ምን ዓይነት ጨዋታ ይጫወቱ እንደ ነበር ግን የጻፈ የለም።

መንገዱ የሚናገረው

መዝገቡ በሚያበቃበት ቦታ መንገዱ ይጀምራል። ተጓዡ የደሴቲቱ ዋና ከተማ ከሆነችው ከሴን ዴኒ ተነሥቶ ደኑን እየሰነጠቀ ሲወጣ በሁለተኛው ቀን 2,276 ሜትር ከፍታ ካለው ከላ ሮሽ ኤክሪት ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ ጫፍ ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ ሲመለከት የሰርኮቹ ጥልቀት በአንድ ጊዜ ይገለጥለታል። በማለዳ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ከረፋዱ ጀምሮ ደመናው ከባሕሩ ተነሥቶ ገደሉን ይሞላዋል። ጉም ለዛሬው እግረኛ መከራ ሲሆን፣ ለጥንቱ ኮብላይ ግን ጋሻ ነበር።

ከዚያ ቁልቁል ተወርዶ ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ የሚገባበት ማፋት ነው። ማፋት እስከ ዛሬ የመኪና መንገድ የለውም። በየኢሌው ተበታትነው የሚኖሩት ነዋሪዎች ከ1,000 ያንሳሉ፤ ከባድ ዕቃ በሄሊኮፕተር ይመጣላቸዋል፤ ሌላው ሁሉ በእግር ነው። ከ1951 እስከ 1991 ለ40 ዓመታት ፖስታ ያመላለሰላቸው ኢቭሬን ፖዜ የተባለ ፖስተኛ ከ250 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ እንደ ተጓዘ ይነገርለታል። ይህም ምድርን ስድስት ጊዜ የሚዞር ርቀት ነው። የማፋት ስም የመጣው በ1751 በሙሳር ጓድ እንደ ተገደለ ከሚነገርለት የኮብላዮች አለቃ ነው። በማላጋሲ ቋንቋ «የሚገድል» የሚል ትርጉም እንዳለው ብዙዎች ይስማማሉ።

ተጓዡ በማፋት ውስጥ ሦስት ወይም አራት ቀን ሲመላለስ በስተ ምሥራቁ ሁልጊዜ የሚያየው ጫፍ ሲማንዴፍ ነው። ይህም 2,226 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ የኮብላይ አለቃ ስም ሲሆን፣ «የማይገዛ» ወይም «የማያጎነብስ» ተብሎ ይተረጎማል። ከማርላ መንደር ተነሥቶ 2,080 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን የታይቢትን በር አቋርጦ ሲወርድ ደግሞ ሲላኦስ ይገባል። ሲላኦስ በማላጋሲ «የማይለቁት ቦታ» ማለት እንደ ሆነ ይነገራል። ከሲላኦስ ገደል ጫፍ ላይ የሚታየው ዲሚቲል፣ በሳላዚ መካከል ለብቻው የቆመው አንሼን ሁለቱም የኮብላዮችን ስም የያዙ ናቸው። የባሕሩ ዳርቻ ከተሞች ሴን ዴኒ፣ ሴን ፖል፣ ሴን ፒየር፣ ሴን ፊሊፕ እየተባሉ በፈረንሳዮች ቅዱሳን ስም ሲጠሩ፣ ከፍ ብሎ ያለው አገር በተሳዳጆቹ ቋንቋ ይጠራል። አሳዳጆቹ ሰዎቹን ገደሉ፤ ስሞቹን ግን ራሳቸው ሳይጠቀሙባቸው ሊያልፉ አልቻሉም። ቦታውን ለአዛዣቸው ለማስረዳት ሲሉ የገደሉትን ሰው ስም በካርታው ላይ አስቀመጡት።

ይሁን እንጂ በዚህ ነጥብ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቦታ ስም ምስክር ቢሆንም ብቻውን ፍርድ የሚያሰጥ ምስክር አይደለም። ሳላዚ የሚለውን ስም አንዳንዶች «መልካም ማረፊያ»፣ ሌሎች ደግሞ በእሳት ላይ ከሚቆም የማብሰያ መሣሪያ ስም የተገኘ ነው ይላሉ። የአንሼንና የባለቤቱ የኤቫ ታሪክ፣ ይኸውም ባልና ሚስቱ በዚያ ቀጥ ባለ ተራራ ላይ ልጆች ወልደው እንደ ኖሩ የሚነገረው፣ በቃል የተላለፈ አፈ ታሪክ ነው። በ1844 ሉዊ ቲማዤን ኡዋ የተባለ የደሴቲቱ ተወላጅ በፓሪስ ያሳተመው «ማሮኖቹ» የተባለው ልቦለድ የደሴቲቱ የመጀመሪያ ልቦለድ ነው ይባላል፤ እርሱም ቢሆን የልብ ወለድ ሥራ እንጂ ዜና መዋዕል አይደለም። አንዳንድ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው የተራራው መንግሥት የሚባለው ሁሉ ተረት ነው፤ ኮብላዮቹም በየዋሻው የሚያድሩ ዘላኖች ነበሩ ይሉ ነበር።

ለዚህ ክርክር አዲስ ማስረጃ ያመጣው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ነው። በሲላኦስ ሰርክ ውስጥ በ2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ለመድረስ እጅግ አስቸጋሪ በሆነ ቦታ፣ «ምሥጢራዊው ሸለቆ» የሚል ስም የተሰጠው ጠባብ ስፍራ አለ። በ2011 እና በ2012 አን ሎር ዲዡ የተባለች የአርኪዮሎጂ ባለሙያ በዚያ ባካሄደችው ቁፋሮ በሰው እጅ የተካቡ የድንጋይ መጠለያዎች፣ የምድጃ ቅሪትና የተበሉ ወፎች አጥንት ተገኝተዋል። ግኝቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ኮብላዮች ራሳቸው የተዉት፣ የአሳዳጅ ብዕር ያልነካው የመጀመሪያው የተረጋገጠ ምስክር ነው። ድንጋይ መርጦና ደርድሮ ቤት የሠራ ሰው ለአንድ ሌሊት ብቻ የተሸሸገ አይደለም፤ ለመኖር ያሰበ ነው። ይህን ያህል ብቻ ማለት ይቻላል፤ ይህን ያህል ማለት መቻሉም ብዙ ነው።

ከባርነት በኋላ

ከሲላኦስ የሚነሣው ዐቀበት ወደ ፒቶን ዴ ኔዥ የሚያወጣ ሲሆን፣ ተጓዦች በ2,478 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው ማረፊያ አድረው ፀሐይ ስትወጣ ከጫፉ ለመድረስ በሌሊት ይነሣሉ። በዚያ ከፍታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወፍራም ልብስና የሞቀ ማረፊያ ያለው ሰው የሚያማርርበትን ብርድ ራቁታቸውን ለማለት ትንሽ የቀራቸው ሰዎች ከነልጆቻቸው እንደ ቻሉት ማሰብ ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጥ ያስተምራል።

በ1806 እና በ1807 የደረሱት ታላላቅ አውሎ ነፋሶች የቡናውን እርሻ ካወደሙት በኋላ ደሴቲቱ ወደ ሸንኮራ አገዳ ዞረች፤ ባርነቱ ግን ቀጠለ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1848 የመንግሥቱ እንደራሴ ሳርዳ ጋሪጋ የነፃነቱን አዋጅ ሲያስነግር ነፃ የወጡት ከ60 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ይህም ከደሴቲቱ ሕዝብ ከግማሽ በላይ ነው። ይህ ቀን ዛሬ የደሴቲቱ ታላቅ በዓል ነው። በዚያው መቶ ዓመት መሬት ያጡ ድሃ ነጮችም ወደ ሰርኮቹ እየወጡ ሰፈሩ። ቀድሞ በባርነት ከተያዙት ሰዎች ልጆችም ጋር በአንድ ገደል ሥር ጎረቤት ሆኑ። የሲላኦስ የመኪና መንገድ በ1932 እስኪከፈት ድረስ በፍል ውሃው ለመፈወስ የሚመጡ ባለጸጎች በወንበር ተቀምጠው በሰው ትከሻ ይወጡ ነበር። ነፃነቱ ከታወጀ ከሰማንያ ዓመት በኋላም በዚያ መንገድ ላይ የሚረግጠውና የሚቀመጠው ሰው አንድ አልነበረም።

ከፒቶን ዴ ኔዥ ወርዶ ተጓዡ የካፍሮች ሜዳ ተብሎ በሚጠራው ደጋ ላይ ያልፋል፤ ካፍር ሰፋሪዎቹ ለጥቁሮች የሰጡት ስም ነው። ከዚያም አሸዋማውንና ቀዩን የእሳተ ገሞራ ምድር አቋርጦ በደቡብ በኩል በደን ውስጥ እየቆለቆለ በሴን ፊሊፕ አጠገብ ከባሕሩ ይደርሳል። የደሴቲቱ መካከለኛ ተራራ በ2007 ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ በ2010 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የተመዘገበው ስለ ተፈጥሮ ውበቱና ስለ ብርቅ ዕፀዋቱና እንስሳቱ ነው። ከ1989 ጀምሮም በየዓመቱ ደሴቲቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ የሩጫ ውድድር ይካሄድበታል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን መንገዱ የውበትና የጉልበት መፈተኛ ብቻ ሆኖ ከቀረ፣ አሳዳጆቹ በጥይት ያልጨረሱትን ዝንጋታ ሊጨርሰው ይችላል። አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር የሚናደውን መንገድ መጠገን ቀላል ባይሆንም፣ ስሞቹ ምን ማለት እንደ ሆኑ ለተተኪው ትውልድ ማስተማር ከዚያ ይከብዳል።

ይህ ጉዳይ የሩቅ ደሴት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያም ባርነት በሕግ የተሻረው በ1942፣ ማለትም በ1934 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሥርዓት ውስጥ የኖሩት ሰዎች አብዛኞቹ የራሳቸውን ቃል በጽሑፍ አልተዉም። ከጌታ ቤት ጠፍቶ የሄደ ሰው የትኛውን ወንዝ ተሻገረ? በየትኛው ደን አደረ? የትኛው መንደር ተቀበለው? የመንደሩ ስምስ ምን ይላል? ካርታ የሚያነሣ፣ መዝገብ የሚጠብቅ፣ ልጆችን የሚያስተምር ባለሙያ ሁሉ የቦታ ስም ሲያጋጥመው ጠይቆ፣ የሰማውንም ተረት ከሆነ ተረት፣ ማስረጃ ከሆነ ማስረጃ ብሎ ለይቶ ቢያስቀምጥ ለታሪክ ትልቅ ውለታ ይውላል። የሬዩንዮን ተራሮች የሚያስተምሩት ይህንን ነው። ወረቀት የነፈጋቸውን ሰዎች ምድር ሊመሰክርላቸው ይችላል፤ ይህም የሚሆነው ወርዶና ወጥቶ፣ በእግሩ ረግጦ የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ነው።